የተቃጠለው ጓርኒሲዮን፦ ስለ ሚኒቫን መኪናና ስለ ባለቤቶቹ አቤቱታ አጭር ታሪክ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ እስካሁን ስለ ዕድር አመሠራረት፣ ስለ ሐዘን ሥርዓታችን፣ ስለ ልጆቻችን ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ እኛ የያዝነው ርእስ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም፤ ስለ ሞተር ጓርኒሲዮን ነው። «ዕድርና ጓርኒሲዮን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ቀስ ብለን እንመጣበታለን፤ አስቀድመን አንድ ቀን የሆነውን እናውጋችሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀብር ጉዞ ነበረን። ከአባሎቻችን አንዱ እንደ ልማዱ በሚኒቫኑ ስድስት እናቶችን አሳፍሮ፣ ከኋላ የንፍሮውን ድስትና የቡናውን ዕቃ ጭኖ ተነሣ። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረውን አውራ ጎዳና ሳያጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሄደ፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ ተንቦለቦለ። መኪናው መንገድ ዳር ቆመ። እናቶቻችን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ በዚያ ሁሉ መኪና ፉጨት መሀል፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ቆሙ። ሌላ መኪና ተልኮላቸው ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ ሊበተን ነበር። ከስድስቱ አንዷ የሟች አብሮ አደግ ነበሩ። ምንም አልተናገሩም፤ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ብቻቸውን አለቀሱ።

ባለመኪናው ያን ቀን ፊቱን የሚያይለት ሰው አጣ ብንል ማጋነን አይሆንም። ያንኑ ጓርኒሲዮን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ አስቀይሮ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ ነበር። «እኔ መኪና አያወጣልኝም፤ የኔ ዕድል ነው» እያለ ራሱን ሲወቅስ ሰማነው። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ነገሩ ሲነሣ ግን ከአንድ ጠረጴዛ ብቻ አራት ሰዎች «ለኔም ተቃጥሎብኛል» አሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱ የራሱ ዕድል ብቻ መስሎት፣ አፍሮ ዝም ብሎ ኖሯል።

እኛም ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስንከታተል ቆየን። ያገኘነውንም ለአባላት ማካፈል ተገቢ መሆኑን አምነናል። የዚያን ዕለቷን መኪና ሠሪ ስም እዚህ አናነሣም፤ የአንድ ሰው መኪና የአንድ ሰው ነገር ነው። ከዚህ በታች በስም የምንጠራቸው በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ያላቸውን ብቻ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጓርኒሲዮን ምንድን ነው?

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በአገራችን ጋራዦች ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ ስንል እንደኖርን ሁሉ ጓርኒሲዮንንም ከዚያው ወርሰነዋል። እዚህ አሜሪካ ጋስኬት ይሉታል።

ሞተር በጥቅሉ ሲታይ ሁለት ትልልቅ አካሎች አሉት። አንደኛው ፒስተኖች የሚወጡ የሚወርዱበት የታችኛው ብሎክ ነው። ሁለተኛው እንደ ክዳን ከላይ የሚገጠመው ቴስታታ ነው። በሁለቱ መካከል የሚነጠፈው ስስ ንጣፍ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይባላል። ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። ሥራው ግን ከባድ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ አፍኖ ይይዛል፤ የራዲያተሩ ውሃ በራሱ መንገድ፣ ዘይቱም በራሱ መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሦስቱ እንዳይገናኙ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል።

አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። እናቶቻችን የእንስራውንና የመቃውን መገጣጠሚያ በደንብ ካልመረጉት እንፋሎቱ በዚያው ሾልኮ ይወጣል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጓርኒሲዮንም የሞተር ምርጊት ነው። ልዩነቱ፣ የአረቄው ምርጊት በየጊዜው ይታደሳል፤ የሞተሩ ግን በየቀኑ እየጋለና እየቀዘቀዘ ለብዙ ዓመታት እንዲቆይ ይጠበቅበታል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ውድነት ወዲህ የመኪና ሠሪዎች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ቴስታታውን ከአሉሚኒየም እየሠሩ፣ ብሎኩን ግን እንደ ድሮው በቀለጠ ብረት መሥራታቸውን ቀጠሉ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ላይኛውና ታችኛው እኩል አይሄዱም፤ መካከል ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ይፋተጋል። በደንብ የታሰበበት ጓርኒሲዮን ይህን ይችለዋል። ያልታሰበበት ግን ቀኑን ጠብቆ ይለቃል።

የሚኒቫን ልደት

የሚኒቫን ታሪክ ራሱ የሚገርም ነው። ከሥራቸው በተባረሩ ሁለት ሰዎች እጅ የተወለደ መኪና ነውና። ሃል ስፐርሊክ በ1976፣ ሊ አያኮካ ደግሞ በ1978 ከፎርድ ኩባንያ ተሰናበቱ። ሁለቱም ወደ ክራይስለር ሄዱ። ክራይስለር በዚያን ጊዜ ሊከስር አፋፍ ላይ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኖለት ነው የተረፈው። ለቤተሰብ የሚሆን፣ ከጭነት ቫን ያነሰ፣ ከተራ አውቶሞቢል የሰፋ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ መኪና የመሥራቱ ሐሳብ ከፎርድ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነበር። በ1983 በኅዳር ወር ገደማ በካናዳ፣ በዊንዘር ከተማ ባለው ፋብሪካ ሥራው ተጀመረ። የ1984 ሞዴል ተብለው የወጡት ዶጅ ካራቫንና ፕሊመዝ ቮዬጀር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ200,000 በላይ ተሸጡ። ክራይስለርም ያንኑ የዋስትና ብድር በ1983 ከጊዜው አስቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ።

ገበያውን ያዩ ሌሎች ኩባንያዎች ተከተሉ። ጄኔራል ሞተርስ አስትሮን፣ ፎርድ ኤሮስታርን አወጡ። እነዚህ ግን የኋላ እግር ነጂ በመሆናቸው ወደ ጭነት መኪና ያደሉ ነበሩ። የክራይስለር ሚኒቫን የፊት እግር ነጂ ስለነበረ ወለሉ ዝቅ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ነበር። ይህን ለመምሰል ሞተሩን በአግድም አዙሮ በአጭር አፍንጫ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር በዚያ ጠባብ ቦታ ሲገባ አየር እንደ ልብ አይዘዋወርለትም፤ መካኒኩም ለኋለኛው ጎን እጁን ማስገቢያ ያጣል። ለተሳፋሪ የሰፋው ለሞተሩ ጠበበ ማለት ነው።

እኛ ስደተኞች ሚኒቫንን ለምን እንደወደድን መናገር አያሻም። ሰባት ሰው ትይዛለች። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ማታ ታክሲ ሠርታ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወስዳ፣ ሐዘን ሲደርስ ወንበርና ድስት ትጭናለች። በአሜሪካ በ2000 ዓ.ም. ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሚኒቫኖች ተሸጠዋል፤ ያ ዘመን የሚኒቫን የጥጋብ ዘመን ነበር። እኛ ግን አብዛኞቻችን አዲሷን አልገዛንም። ሌላ ሰው ስድስትና ሰባት ዓመት የነዳትን ከጨረታ ወይም ከጋዜጣ ማስታወቂያ ነው የገዛነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የዊንድስታር ነገር

ፎርድ የፊት እግር ነጂ የሆነውን ዊንድስታርን በ1994 አወጣ፤ የ1995 ሞዴል ነው። የተሠራው በካናዳ፣ በኦክቪል ነበር። መኪናው በመንግሥት የግጭት ፈተና ባለ5 ኮከብ ነጥብ ስላገኘ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ተሽቀዳደሙበት። ለቤተሰቡ ደኅንነት ብሎ የገዛ ሰው ሊወቀስ አይችልም፤ ልክ ነበር።

ሞተሩ ባለ 3.8 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር ሲሆን፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በፎርድ መኪናዎች ውስጥ ሲያገለግል የኖረ ነበር። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፤ ቀደም ብለን ያነሣነው ዓይነት መሆኑ ነው። ይኸው ሞተር በቶረስና በሴብል አውቶሞቢሎችም ውስጥ ገብቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቶች አንድ ዓይነት ነገር ማውራት ጀመሩ። ውሃው ሳይፈስ ይጎድላል። የማሞቂያው አየር ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ይግላል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። አስቀይረው ከወጡ በኋላም ደግሞ እንደገና።

የኩባንያው መደበኛ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነበር። ጓርኒሲዮኑ ደግሞ የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ያ ካለፈ በኋላ ነው። ጥገናው ከሺሕ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ቴስታታው ከተጣመመ ወይም ውሃው ከዘይቱ ተቀላቅሎ የሞተሩን ውስጥ ከበላ፣ ሞተሩን እንዳለ መለወጥ ነው። ባለቤቱ ወደ ወኪሉ ሲሄድ «ዋስትናህ አልቋል» ይባላል፤ ወደ ሌላ ጋራዥ ሲሄድ «ውሃ ሳታይ ነድተሃታል» ይባላል። የቤት እመቤቷም «አንተ ነህ ያቃጠልካት» ትላለች። ሁሉም ጥፋቱን የሚያወርዱት በነጂው ላይ ነው።

የአቤቱታው ብዛት ግን እያደገ ሄደ። በመጨረሻ ፎርድ በ1990ዎቹ መገባደጃ ገደማ ለ1995 ዊንድስታር፣ እንዲሁም ይኸው ሞተር ላለባቸው ለ1994ና ለ1995 ቶረስና ሴብል የቴስታታ ጓርኒሲዮን ዋስትናውን ወደ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ። ይህም 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ይህ በአንድ ሰው ጩኸት የመጣ አይደለም። ተመሳሳይ ወረቀት ከብዙ ቦታ ሲከመር ነው።

አሁን ቅድም ያዙልን ወዳልነው እንመለስ። የ1995 መኪና 7 ዓመቱን የሚጨርሰው በ2002 ገደማ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ደግሞ መኪናዋን ከጨረታ የምናነሣት በዚያው ሰሞን ነው። ኩባንያው ደብዳቤ የሚልከው በመዝገቡ ላይ ስሙ ላለው ባለቤት ነው፤ ደብዳቤው ለፊተኛው ባለቤት ደረሰ፣ ሕመሙ ለኋለኛው ተረፈ። በርካሽ አገኘናት ብለን የተደሰትንባት መኪና ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ነበራት።

የጄኔራል ሞተርስ ነገር

ሁለተኛው ታሪክ ትንሽ ይለያል። ጄኔራል ሞተርስ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሼቭሮሌ ቬንቸር፣ ፖንቲያክ ሞንታናና ኦልድስሞቢል ሲልዌት በሚባሉት ሚኒቫኖቹ ውስጥ ባለ 3.4 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር አገባ። በእነዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለቀው የቴስታታው ሳይሆን አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበት ጓርኒሲዮን ነበር። ይህ ጓርኒሲዮን አጥንቱ ናይለን፣ ማሸጊያው ሲሊኮን ነው። ከጊዜ ብዛት ናይለኑ ይሰነጠቃል፣ ማሸጊያው ይለሰልሳል። ከዚያ ውሃው አንዳንዴ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ውስጥ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የከፋው ሁለተኛው ነው፤ ወለል ላይ ጠብታ ስለማይታይ ባለቤቱ የሚያውቀው ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ነው።

በዚያው ዘመን ኩባንያው ደክስኩል የተባለ ብርቱካንማ የራዲያተር ፈሳሽ ማስገባት ጀምሮ ነበር፤ እስከ 5 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሳይቀየር ይቆያል ይባልለት ነበር። ከሳሾች ፈሳሹ ጓርኒሲዮኑን ይጎዳል፣ አየር ሲገባበትም ወደ ጭቃ ይለወጣል አሉ። ኩባንያው አልተቀበለም። ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ ለዓመታት ተጓተተ።

ጥገናውም የራሱ ወጥመድ ነበረው። ያንን ጓርኒሲዮን ለመለወጥ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹን ማውጣት ያስፈልጋል። የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮቹ ዘንጎች ቁመታቸው እኩል አይደለም። የቸኮለ መካኒክ አቀያይሮ ከከተታቸው ሞተሩ ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ያገኘዋል። በዚያ ላይ የሚገጠመው አዲሱ ጓርኒሲዮን ያው የናይለኑ ዓይነት ከሆነ ችግሩ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል። ነገሩ የረጋው አጥንታቸው ከብረት የሆነ የተሻሻሉ ጓርኒሲዮኖች ወደ ገበያ ሲወጡ ነው። «ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፣ ሁለት ጊዜ ለቀቀ» ለሚለው የብዙ ሰው እሮሮ አንዱ መልስ ይህ ነው፤ የተበላሸውን በተበላሸው ዓይነት ሲተኩለት ነበር።

ባለቤቶቹ በኅብረት የመሠረቱት ክስ በ2008 በስምምነት አለቀ። ጄኔራል ሞተርስ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል፣ ላሠሩ ባለቤቶች እንደ መኪናው ዕድሜና እንደ ወጪው ከ50 እስከ 800 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ታዲያ ለመቀበል ምን ይጠየቅ ነበር? ማሠራቱን የሚያሳይ ማስረጃ። ከጋራዡ ደጃፍ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ምን ያቀርባል? ምንም። እኛ ደግሞ ዘመድ መካኒክ ጋር፣ በጓሮ፣ ያለ ደረሰኝ ማሠራት የምንወድ ሰዎች ነን።

መንግሥት ለምን አላዘዘም?

ብዙ ሰው «ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥት የት ነበር?» ይላል። ከ1970 ጀምሮ የመንገድ ደኅንነትን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለ። ነገር ግን ይህ መሥሪያ ቤት መኪና ተጠርቶ በነጻ እንዲሠራ የሚያስገድደው ጉዳዩ ለሕይወት አደጋ ሲሆን ነው፤ ፍሬን እንደ መበጠስ፣ መሪ እንደ መንቀል። የጓርኒሲዮን መቃጠል እንደ ወጪና እንደ ጥንካሬ ጉዳይ እንጂ እንደ ደኅንነት ጉዳይ ብዙም አይታይም። እናቶቻችን በዚያ አውራ ጎዳና ዳር ቆመው ቢያዩዋቸው ምን ይሉ ነበር? ይህን ለአንባቢ እንተዋለን።

ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ የመኪና ሸማቾች ጠበቆች «የተደበቀ ዋስትና» የሚሉት ነገር ነው። ኩባንያው አንድ ዕቃ ቶሎ እንደሚበላሽ ሲያውቅ ለወኪሎቹ ብቻ የውስጥ መመሪያ ይልካል፤ መጥቶ አጥብቆ ለተከራከረ በነጻ ይሠራለታል፣ ዝም ብሎ ለከፈለ ያስከፍለዋል። ይህን ለመከላከል ኮኔቲከት፣ ካሊፎርኒያ፣ ዊስኮንሲን፣ እንዲሁም እኛው የምንኖርባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኩባንያው ለባለቤቶች እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አውጥተዋል። በ1970 የተመሠረተው የአውቶሞቢል ደኅንነት ማእከልም ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ሆኖ የባለቤቶችን አቤቱታ ሲሰበስብ የኖረ ድርጅት ነው። ይህን ሁሉ እኛ በአጠገቡ እየኖርን አናውቅም ነበር።

ከታሪኩ የምንወስደው

ዊንድስታር በ2003 ቆመ፤ ቬንቸር በ2005። ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010 ስማቸው ሳይቀር ከገበያ ወጣ። እነዚያ መኪናዎች ዛሬ በመንገድ ላይ እምብዛም አይታዩም። ታዲያ ለምን እናነሣዋለን? ጓርኒሲዮን ያለው ሞተር ዛሬም አለ፤ ከጨረታ የሚገዛ አባልም ዛሬም አለ። ስለዚህ ከስብሰባችን በኋላ ከአባሎቻችን መካኒኮች ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ለማሳሰብ ወደናል።

አንደኛ፣ ምልክቱን ማወቅ ነው። ውሃ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ፣ የዘይቱ መለኪያ ወይም የዘይቱ ክዳን ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከታየ፣ ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ፣ የማሞቂያው አየር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ማሳየት ነው። የሙቀት ቀስቱ ወደ ቀዩ ሲሄድ «እስከ ቤት ድረስ ታደርሰኛለች» ማለት አይገባም። አሉሚኒየሙ የሚጣመመው በዚያች «እስከ ቤት» ውስጥ ነው። ሞተሩ ሳይበርድም የራዲያተሩን ክዳን መክፈት የለብንም፤ በግፊት የታፈነው ውሃ ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ማስመርመር ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ የሚነደው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ ከሺሕ ዶላር የሚያድን ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ሲቀየር በሥርዓቱ ማስቀየር ነው። ቴስታታው ቀጥ ያለ መሆኑ በማስመሪያ ካልተለካ፣ ተጣሞ እንደሆነ ካልተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ምንም አይፈይድም። በብዙ ሞተሮች ላይ የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ዳግም አይገጠሙም፤ አዲስ መግዛት ነው። ከሁሉም በላይ መጀመሪያ ያጋለውን ነገር ማግኘት ያስፈልጋል። ራዲያተሩ ተደፍኖ ወይም ማራገቢያው ሞቶ ጓርኒሲዮኑን ብቻ መለወጥ፣ ጣራው እየፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ ደረሰኝ መያዝ ነው። ዘመድም ቢሆን የሠራው፣ ቀኑን፣ ማይሉን፣ የሠራውን ሥራና የከፈልነውን ገንዘብ በወረቀት እንቀበል። በመኪናው ላይ የተጻፈውን ባለ17 ፊደልና ቁጥር መለያም ከዚያው እናያይዝ። በዚህ መለያ አማካይነት መኪናዋ ለጥገና ተጠርታ እንደነበር ማጣራት ይቻላል። ኩባንያዎች ለወኪሎቻቸው የሚልኳቸውን የጥገና መመሪያዎችም የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ይፋ ያወጣቸዋል፤ እንግሊዝኛ የሚከብደን ልጆቻችን ያንብቡልን።

አሁን መጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለሳለን። ዕድርና ጓርኒሲዮን ምን አገናኛቸው?

አባቶቻችን ዕድርን ሲያቋቁሙ ሞትን አናስቀርም ብለው ነው የጀመሩት። ያወቁት ነገር ቢኖር ሐዘን በአንድ ቤት ብቻ ሲወድቅ ቤቱን እንደሚያፈርስ፣ በመዝገብ ገብቶ በብዙ ሰው ሲካፈል ግን እንደሚቻል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚሁ ነው። የሚኒቫን ባለቤቶች ታሪክም ከዚህ አይርቅም። እያንዳንዱ ብቻውን በነበረ ጊዜ ዕድለ ቢስ፣ ቸልተኛ፣ ውሃ የማያይ ተባለ፤ ራሱም አመነ። ወረቀቱ ከሌላው ወረቀት ጋር ሲደረደር ግን የሱ ዕድል ሳይሆን የሞተሩ አሠራር መሆኑ ታየ። መደበቅ ያደከመውን መናገር አሳረፈው።

እንግዲህ እኛ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። የዕድራችን ጸሐፊ ከወርኃዊ መዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ተራ ደብተር ይክፈቱልን። አባል መኪናው ሲበላሽበት የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመቱንና የተበላሸውን ያስመዝግብ። አንድ ዓይነት ብልሽት ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ እንነጋገርበት፤ ለሚገዛም ሰው ደብተሩ ይታይለት። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ያን ዓይነት ደብተር ከዚያ ቅዳሜ በፊት ኖሮን ቢሆን ኖሮ፣ ወንድማችን ሦስተኛ ጊዜ እናቶችን ጭኖ በዚያች መኪና ባልወጣ ነበር።

ለነገሩ መጨረሻውን ሳንነግራችሁ አንለይም። ወንድማችን መኪናዋን ለቁራጭ ብረት ሸጦ ሌላ ገዛ፤ ሲገዛ አስመርምሮ፣ ደረሰኙንም ይዞ ነው። በሙት ዓመቱም ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው እኒያን የሟች አብሮ አደግ ከቤታቸው ወስዶ መቃብሩ ድረስ አደረሳቸው። ከሰው ሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ።

ቸር ወሬ ያሰማን።